ስለ አክስቴ አንገት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

አክስቴ እንቅርት እንዳለባት የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። በደጋው ብዙ ሴቶች አለባቸው። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው ስለኖረች እንደ አፍንጫዋና እንደ ጆሮዋ የራሷ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። አሰላ ገበያ አጠገብ ባለችው የእህል መደብሯ ውስጥ ቆማ ገብስ ስትመዝን ነጠላዋ ሸርተት ካለ እንቅርቱ ይታያል፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አያየውም። ነገሩ አሳሳቢ የሆነው ማተቧ ሲጠባት ነው።

መጀመሪያ ክሩ አጥሮ ነው ብላ ቀጠለችው። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ቀጠለችው። ሦስተኛ ጊዜ ልትቀጥለው ስትል ግን ጣቷ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ድሮ ለስላሳ በነበረው እንቅርት ውስጥ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል ጠንካራ ነገር ተቀምጧል።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ለሴሚስተር እረፍት ከአውቶቡስ ስወርድ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር መጣ!» ብሎ ተቀበለኝ። ሕክምና ክፍል ገና አልተመደብኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ በማይክሮስኮፕ ያየሁት የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

አባቴ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ እህቱ ናት፤ ከእሷ ቤት ሌላ ቤቴ የምለው ቤት የለኝም። ስለዚህ አንገቷን እንድዳስስ ፈቅዳልኝ ጣቴ ያንን ጠንካራ ነገር ሲነካው ሽንኩርቱም ዩኒቨርሲቲውም ከአእምሮዬ ጠፉ።

«ምንድን ነው ዶክተር?» አለችኝ እየሳቀች።

«እቴቴ፣ ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኳት።

«ዶክተር ሆስፒታል ከወሰደኝ ታዲያ የዶክተር ጥቅሙ ምንድን ነው?»

በማግስቱ ሄድን። ሐኪሙ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ የአሰላን ብርድ ገና ስላልለመደው ነጩን ካፖርት ከሹራብ ላይ ደርቦታል። ብርጭቆ ውኃ ሰጥቷት «ዋጥ ያድርጉ» አላት። ስትውጥ በጣቶቹ ተከተለው። እንደገና አስዋጣት። ድምጿ ሻክሮ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም የእህል አቧራና የገበያ ጩኸት ድምጿን ካሻከረው ሃያ ዓመት እንደሆነው ነገረችው።

«እናቴ» አላት በመጨረሻ፣ «ይህ ካንሰር ይሁን አይሁን በእጄ ዳስሼ መናገር አልችልም። አዲስ አበባ ሄደው በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድልዎት። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

አክስቴ ከዚያ ቢሮ እስከ መደብሯ ድረስ አልተናገረችም። አክስቴ ሳትናገር የሄደችው ረጅሙ መንገድ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ የጠራውን በሽታ ስም ከዚያ በኋላ በቤታችን ማንም አልደገመውም፤ «ያ ነገር» ተባለ።

እኔ ጠንቃቃ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪዎቼም ይህን ይመሰክሩልኛል። ስለዚህ በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ብቻዬን ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ወረፋው እስከ ውጪው በር ደርሷል። ሐኪሙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ እየተከተልኩ ስለ መርፌው ጉዳትና ጥቅም ጠየቅሁት፤ እሱም እየተራመደ መለሰልኝ፤ እኔም እየተራመድኩ ጻፍኩ። «ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል» ስለው ግን ቆመ።

«ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል» አለ። «እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይደርስም። እኔን የሚያስፈራኝ ሳያውቁት መቀመጡ ነው። ጻፈው።»

ይህን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ቤት ገብቼ የቀረውን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት፤ በግራ «ጉዳት»፣ በቀኝ «ጥቅም» ብዬ በማስመሪያ አሰመርኩ። በግራ በኩል አንድ፣ ያማል። ሁለት፣ ቦታው ሊያብጥና ሊበልዝ ይችላል። ሦስት፣ ሊደማ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በጥጥ ሲጫኑት ይቆማል፤ አንዳንዴም ሊመረቅዝ ይችላል። አራት፣ የሚወጣው ናሙና ላይበቃና ሊደገም ይችላል። አምስት፣ ናሙናው በቅቶም መልሱ ቁርጥ ያለ ላይሆን ይችላል፤ ደህና ነው ተብሎ ስሕተት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በቀኝ በኩል አንድ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ወይም አያስፈልግ እንደሆነ፣ ሳይቆረጡ አስቀድሞ ማወቅ።

ጽሑፌ በጣም ያማረ መሰለኝ። ያ ወረቀት ምን እንደሚያመጣ አልጠረጠርኩም።

አጎቴ፣ የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ የቀበሌያችን ጸሐፊ ናቸው። በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር በስብሰባ ይወሰናል፤ አጎቴ ደግሞ ከቀበሌው የተማሩትን ወደ ቤተሰቡም አምጥተውታል። ለፋሲካ በግ ሲገዛ እንኳ ጥቁር ይሁን ነጭ በአጀንዳ ተይዞ ውይይት ተደርጎበት ያውቃል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአክስቴ ሳሎን ተሰበሰብን። አጎቴ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። የአጎቴ ሚስት፣ ከኦጎልቾ በአህያ ስንዴ ይዘው የመጡ አንድ ገበሬ ዘመዳችን፣ እንዲሁም መደብራቸው ከአክስቴ መደብር ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሐጂ ጎረቤታችን ተገኙ።

«ጓዶች» አሉ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የዛሬው አጀንዳችን አንድ ነው።»

«እኔ ነኝ አጀንዳው?» አለች አክስቴ።

«አንቺ አይደለሽም። አንገትሽ ነው።»

«ታዲያ እሱን እዚህ ትቼላችሁ ልውጣ?»

«መቀመጥ ትችያለሽ። አስተያየትም መስጠት ትችያለሽ። ድምፅ ግን አትሰጪም፤ አጀንዳ የተያዘበት ሰው ድምፅ አይሰጥም። ደንብ ነው።»

አክስቴ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አጎቴ ወረቀቴን እንዳነብ አዘዙኝ። ተነሥቼ፣ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዱንም ሳልዘል አነበብኩ። አጎቴ በእያንዳንዱ ጉዳት አንድ ጣት እያጠፉ ቆጠሩ። ስጨርስ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ለጉባኤው አሳዩ፤ በአንደኛው የተጨበጠ ቡጢ፣ በሌላው አንድ የታጠፈ ጣት።

«አምስት ለአንድ!» አሉ። «ይህ ልጅ በትክክል ሠርቶታል። ክርክርም አያስፈልገው።»

ተመሰገንኩ፤ የተመሰገንኩበት ነገር ግን ካሰብኩት ተቃራኒውን ነበር ያመጣው። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንድትሄድ ብዬ ነው» ልል አፌን ስከፍት የኦጎልቾው ዘመዳችን እጃቸውን አወጡ።

«በእኛ ሰፈር አንድ ነበር» አሉ። «እንደዚሁ አንገቱ ላይ አበጠ። በመርፌ ወጉት። በሳምንቱ ሞተ።»

የአጎቴ ሚስት ደረታቸውን ያዙ። «በስመ አብ! በሳምንቱ?»

«ሳምንትም አልሞላ።»

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ደግሞ አጣርቶ መጻፍ አለበት። «ዕድሜው ስንት ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኧረ ገና ጉልበቱ ያልደከመ ነበር።»

«ሥራውስ?»

«ማረስ ነዋ። እንደ እሱ የሚያርስ አልነበረንም።»

«መርፌውን የወጋው ሐኪም ነበር?»

«አዎ፣ ከወረዳ የመጣው። የእንስሳት ሐኪሙ።»

ሐጂ የዘገኑት ቆሎ ከእጃቸው ተበተነ። «ማሎ! በሬ ነው እንዴ የምትለን?»

«በሬስ ቢሆን» አሉ ዘመዳችን ተቆጥተው፣ «አንገት አይደለም እንዴ?»

አክስቴ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። አጎቴ ሥርዓት እንዲከበር በእርሳስ ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ሐጂ ተናገሩ። «በቅሎዬ ስታነክስ ሰኮናዋን አንሥቼ አያለሁ። ድንጋይ ይሁን ቁስል ይሁን ካላየሁ አላውቅም፤ ሳላውቅ ደግሞ አልጭናትም። እህቴ ትታይ፤ እኔ ይህን ነው የምለው።»

ድምፅ ተሰጠ። መርፌው ይቅር ያሉ ሦስት፤ አጎቴ፣ ሚስታቸውና ዘመዳችን። ትሂድ ያሉ አንድ፤ ሐጂ። ቀጥሎ ሁሉም እኔን አዩኝ። አጎቴ የዩኒቨርሲቲ መግቢያዬን ድጋፍ የጻፉልኝ ናቸው። አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። አንዳቸውንም ቅር ማሰኘት አልፈለግሁም። ይህን ዛሬም ስጽፈው ጆሮዬ ይሞቃል፤ «ድምፀ ተአቅቦ» አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቴ።

«አለመደገፍም አለመቃወምም ነው እቴቴ።»

«እንዲህ ዓይነት ነገር እንድትማር ነው አዲስ አበባ የላክሁህ?» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ቆሎ ጨመረችልን። ስብሰባው በአብላጫ ድምፅ መርፌውን ከልክሎ ተበተነ፤ ቃለ ጉባኤውንም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ስንነሣ አክስቴ የጉዳትና የጥቅሙን ወረቀት ከፊቴ አንሥታ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ልታቃጥለው መሰለኝ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጭላሎ ተራራን ጉም ሸፍኖታል፤ በእጇ በሶ የተቋጠረበት ጨርቅ አለ።

«ተነሥ፤ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።»

«የት?»

«አዲስ አበባ ነዋ። አንገቴን ላስወጋ።»

«እቴቴ፣ ስብሰባው ወስኗል እኮ!»

«ስብሰባው የወሰነው በአንገቴ ላይ ነው» አለችኝ። «እግሬ አጀንዳ ላይ አልነበረም።»

አውቶቡሱ ቁልቁል እየወረደ ብርዱ እየለቀቀን ሄደ። ዴራ ላይ ተሳፋሪ ለመጫን ሲቆም መስኮቱን ከፈትኩና ሁለት ቀን ሲያሳፍረኝ የቆየውን ነገር አወጣሁት። «ያ ወረቀት ነው ያበላሸው። ጥቅሙን ማብዛት ነበረብኝ። ጉዳቱን ደግሞ ሁለት ብቻ ብጽፍ …»

«ብትጽፍ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለችኝ።

መስኮቱን መዝጋት ረሳሁ።

«ከዚያ ሐኪም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ ‹አይዞሽ፣ ምንም አይደል› አለኝ። የንስሐ አባቴም፣ የዕድር ሰብሳቢዋም። ምንም አይደል በተባልኩ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ምንም ካልሆነ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ? አንተ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብክልኝ። ያማል አልክ። ሊደገም ይችላል አልክ። የሚያስፈራው ይኸው ከሆነማ እችለዋለሁ አልኩ።»

«ግን አምስት ለአንድ ነው እኮ።»

«አጎትህ መቁጠር ነው የሚያውቀው፤ የቀበሌ ሰው ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሚዛን ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ያልከውን እዚያኛው ላይ ጫንኩት፤ አምስቱ ወደ ላይ ተንጠለጠሉ።» በሶዋን ፈታች። «ብላ፤ ፊትህ ገርጥቷል።»

አዲስ አበባ የተቀበሉን ሐኪም ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሰው ነበሩ። አክስቴን አልጋው ላይ አስተኙና ትራሱን ከትከሻዋ ሥር አድርገው አንገቷን ወደ ኋላ አቀኑት። «አይዞዎት» አሉ፣ «ምንም አያምም።»

አክስቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከመቀነቷ ወረቀቱን አወጣች። «ቁጥር አንድ ላይ ያማል ይላል።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሆኜ እንደዚያ ቀን ፈተና የፈራሁበት ጊዜ የለም። «ማነው የጻፈው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ።

«ቁጥር አንድ እውነት ነው» አሉ ወደ አክስቴ ዞረው። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ትንሽ ያማል። አሁን ግን ይህ ወረቀት የረሳው አንድ ነገር አለ። መርፌው ውስጥ እያለ መዋጥ የለም፤ ማውራትም የለም።»

«ማውራትም?» አለች አክስቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት አየሁባት።

መርፌው ክትባት ከምንወጋበት የቀጠነ ነበር። ገባ። ሐኪሙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ አነቃነቁት፤ በስሪንጋው አፍ አንዲት የቀላች ጠብታ ብቅ አለች። አክስቴ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ሁሉንም በትክክል ለመመዝገብ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ፤ ቀጥሎ የማስታውሰው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነርሷ ጉንጬን ስትመታኝ ነው።

«የትኛው ነው ታማሚው?» ትላለች ነርሷ።

አክስቴ መሳቅ አልቻለችም፤ መርፌው አንገቷ ውስጥ ነው። የእግሯ ጣቶች ግን ከአልጋው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በእግሯ እየሳቀች እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጥጥ ተጫነላት፤ ትንሽ በለዘ፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቃት። እሷ አዲስ አበባ ከምትኖር የልጅነት ጓደኛዋ ዘንድ አረፈች፤ እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። በቀጠሮው ቀን አብረን ስንሄድ ሐኪሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይቅርታ እናቴ፤ ናሙናው አልበቃም። መድገም አለብን።»

«ቁጥር አራት!» አልኩ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ደስ አለህ?»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው አፈርኩ። ያን ቀን መርፌው ተደገመላት፤ እኔ በራሴ ፈቃድ ውጪ አግዳሚው ላይ ጠበቅሁ።

ለመልሱ በተቀጠርንበት ቀን እስክንጠራ ድረስ አክስቴ ማተቧን በጣቷ ስታሽከረክር ቆየች። እኔም ቁጥር አምስትን እያሰብኩ ነበር፤ ደህና ነው ተብሎ ስሕተት የሚሆንበትም ጊዜ አለ ይላል። ሐኪሙ ሲያስገቡን ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልተነበበልኝም።

«ናሙናው በቅቷል» አሉ። «የካንሰር ምልክት አላየንበትም። ያበጠ እንቅርት ነው።»

«ቁጥር አምስትስ?» አለች አክስቴ።

ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «አልረሳሁትም። አላየንም አልኩ እንጂ በፍጹም የለም አላልኩም። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ይታያሉ። ካደገ ወይም ከጠነከረ እንደገና እንወጋዋለን። አሁን ግን የሚያስቆርጥ ነገር የለም።»

«አሁን እርስዎን አመንኩዎት» አለች አክስቴ።

ከዚያ ሐኪሙ እኔን ጠርተው በማይክሮስኮፑ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ዓይኔን አቀረብኩ። ወይን ጠጅ ቀለም የነከራቸው ትናንሽ ክቦች፣ እንደ ተዘራ እህል እዚህም እዚያም ተሰብስበው አየሁ። ከሽንኩርቱ ያምር ነበር።

«ምን ይመስላል?» አለችኝ ከኋላዬ።

«ያምራል እቴቴ።»

«እኔን ይመስላል?»

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ቆመችና አንገቷን ወደ እኔ አዘነበለች። ማተቧን እንድፈታው፣ አንድ ጣት የሚያህል ጨምሬ እንድቋጥረው ጠየቀችኝ። ቋጠሮው አላማረም። እሷ ግን ደኅና ነው አለች።

ይህን የምጽፈው የአንደኛ ዓመት ትምህርቴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ትናንት ከአሰላ ደብዳቤ ደረሰኝ። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስትጽፍ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ስንዴ ጆንያ ለየብቻ ታቆመዋለች። አጎቴ ቃለ ጉባኤውን አርመው ስብሰባው መርፌውን በሙሉ ድምፅ እንደደገፈ መጻፋቸውን ነግራኛለች። የኦጎልቾው ዘመዳችን ሚስታቸውን ለተመሳሳይ እብጠት ወደ ሆስፒታል ሊያመጡ ስለሆነ የጉዳትና የጥቅሙን ወረቀት ሐጂ በሰው እጅ ልከውላቸዋል። የስድስት ወሩ ቀጠሮ እየደረሰ ነው፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ጽፌ እንድጠብቃት፣ ከሥሩም የሚከተለውን እንድጨምርበት አዛኛለች።

«ጉዳት ቁጥር ስድስት፤ ዝም በይ ይሉሻል። ጉዳት ቁጥር ሰባት፤ ያሳደግሽው ልጅ ወለል ላይ ይወድቅብሻል። ጥቅም፤ ያው አንዱ ነው። ይበቃል።»